ከቀትር በኋላ ጣና ላይ

ልጅ ሳለሁ ሞጣ ውስጥ፣ በእኛ ሰፈር፣ ስለ ጣና ማወቅ የፈለገ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው መሪጌታ ፈንቴን ነበር። የብቸና ሰው ናቸው። በከተማው ትምህርት ቤት ግብረ ገብ ያስተምሩ ነበር፤ ከግቢያችን ጥግ ባለችው አንድ ክፍል ቤት ተከራይተው ለብቻቸው ይኖራሉ። ሚስትም ልጅም አልነበራቸውም። ሰፈሩ መሪጌታ ሲላቸው እኛ ልጆች የኔታ እንላቸው ነበር። አባቴ ከሐረርጌ ተመድቦ የመጣ የክሊኒኩ ድሬሰር፣ መርፌ ወጊና ቁስል አጣቢ ነው፤ ለአገሩ እንግዳ ስለሆነ ይሁን ጨዋታ ስለሚወድ እንጃ፣ ከሥራ ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ «መሪጌታ መጥተዋል?» ብሎ ይጠይቅ ነበር።

ያኔ መብራት ወደ እኛ ሰፈር አልደረሰም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እናቴ የፋኖሱን ብርጭቆ በጨርቅ ወልውላ ትለኩሰውና ምሰሶው ላይ ትሰቅለዋለች፤ የሞጣ ብርድ አይጣል ነውና ፍሙ የደመቀ የከሰል ምድጃ መሐል ቤት ይገባል፤ ትንሽ ቆይቶ ደጅ ላይ ጉሮሮ ሲጠረግ ይሰማል፤ ይኼኔ ታናሽ ወንድሜ ታደሰና እኔ የኔታ የሚቀመጡበትን በርጩማ ወደ ምድጃው እንገፋለን። ነጭ ጥምጥማቸውን አሳምረው፣ ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ተከናንበው ይቀመጣሉ። እጃቸውን ፍሙ ላይ ይዘረጋሉ። ጭሱ ቢለበልበንም ዓይናችንን ከፊታቸው አንነቅልም ነበር። ከዚያ «ደሴቱ ላይ ሳለን» ብለው ይጀምራሉ።

ደሴቱ ላይ ሰባት ዓመት ኖረዋል። እንዲህ ነበር የሚሉን። ቅኔውን ብቸና ጨርሰው፣ በእግራቸው ጣና ወርደው፣ ከመነኮሳቱ ጋር ሰባት ዓመት። ስለ አንድ ሽማግሌ ጉማሬ ይነግሩናል፤ ቅዳሜ ማታ ማኅሌት ሲቆም ከውኃው ወጥቶ ደጀ ሰላሙ አጠገብ ይተኛ ነበር። ከትልቅ የዋርካ ግንድ ተፈልፍላ ስለተሠራች ታንኳቸው ይነግሩናል፤ ስድስት ሰው ሆነው ተሸክመው ውኃ ላይ እንዴት እንደሚያወርዷት። ሐይቁ ጠዋት ጠዋት ቁጡ ነው ይሉናል፤ ከቀትር በኋላ ግን እንደጠገበ ሕፃን ይተኛል፤ መሻገር ያኔ ነው። ማዕበል ከተነሳ ደግሞ ጀርባህን ትሰጠዋለህ፤ ራሱ ተሸክሞ ያደርስሃል። እዚህ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ዝቅ ይልና እጃቸው በፋኖሱ ብርሃን እንደ ታንኳ ከፍ ዝቅ ይላል፤ የእጃቸው ጥላ ግድግዳው ላይ ሲወዛወዝ ታደሰ ክንዴን አጥብቆ ይይዘኛል። እኔ ያኔ አሥር ዓመት ያልሞላኝ ሴት ልጅ ነበርኩ። ከዚያ ድምፅ ውስጥ የወጣ ነገር ሁሉ ለእኔ እውነት ነበር።

አንድ ምሽት የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር አቶ ገበየሁ ለሌላ ጉዳይ እኛ ቤት መጡና ወሬው ላይ ደረሱ። አቶ ገበየሁ ወፍራም፣ ድምፃቸው የሚያስተጋባ፣ ያሰቡትን ካላደረጉ እንቅልፍ የማይወስዳቸው ሰው ነበሩ። የኔታ ተርከው ሲጨርሱ ጭናቸውን በጥፊ መቱ።

«እንግዲህ በግማሽ ዓመቱ ዕረፍት ባሕር ዳር ነን! ፈረንጁ ባሕር አቋርጦ እየመጣ ጀልባ ተከራይቶ ገዳማቱን ሲጎበኝ፣ እኛ አፍንጫችን ሥር ያለውን ሳናይ ልንሞት ነው? መሪጌታ ይመሩናል።»

የኔታ ሳል ያዛቸው። «እኔ እንኳ ጉልበቴ…» አሉ።

«በመኪና ነው የምንሄደው መሪጌታ፤ ምን ጉልበት ያስፈልጋል?» አለ አባቴ እየሳቀ። «ሰባት ዓመት የኖሩበትን አገር ማየት አይናፍቅዎትም?»

የኔታ ፍሙን በመቆስቆሻው ነካ ነካ አደረጉት። «ይናፍቀኛል» አሉ ቀስ ብለው። «እሱስ ይናፍቀኛል።»

ጥር ውስጥ፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ በአንድ የጭነት መኪና ተነሳን። አቶ ገበየሁ፣ ባለቤታቸው እትዬ አልማዝ፣ አባቴ፣ የኔታና እኔ። ታደሰን ኩፍኝ ይዞት ስለነበር እናቴ ከእሱ ጋር ቀረች። መንገዱ በበጋ ብቻ የሚያስኬድ አቧራማ መንገድ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ስንንገጫገጭ ውለን ባሕር ዳር ደረስን። አድረን ጠዋት ወደ ሐይቁ ወረድን።

ሳየው መጀመሪያ ሐይቅ አልመሰለኝም። ሰማዩ ወርዶ መሬት ላይ የተኛ ነው የመሰለኝ። ሞጣ ላይ ዓይን የሚያርፍበት አያጣም፤ ወይ ባሕር ዛፍ አለ ወይ የሰው ቤት። እዚህ ግን ዓይኔ ሄዶ ሄዶ ማረፊያ አጣ። «የኔታ፣ ደሴቱ የቱ ነው?» ልላቸው ዞር ስል ከአጠገቤ የሉም። አባቴና አቶ ገበየሁ ከባለ ጀልባው ጋር ይነጋገራሉ። የኔታ ትንሽ ራቅ ብለው፣ ዳር ላይ ቆመው፣ አንድ ነገር ትኩር ብለው ያያሉ። ወደ እሳቸው ሄድኩ።

ከፊታቸው ረጃጅም የሣር ነዶ የሚመስሉ ነገሮች ቁመው ፀሐይ ይሞቃሉ። አጠገባቸው እንስራዋን የምትሞላ ልጅ እግር ሴት ነበረች። የኔታ እኔን አላዩኝም።

«የኔ ልጅ፣ እነዚህ የታሰሩት ነዶዎች ምንድን ናቸው?» ብለው ጠየቋት።

ልጅቷ ሳቀች። «ነዶ? ታንኳ ናቸዋ አባባ! ከደንገል ሣር የታሰሩ ናቸው፤ ውኃ ሲጠጡ ፀሐይ ላይ እናቆማቸዋለን። እዚህ አገር ከዚህ ሌላ ታንኳ አለ እንዴ?»

የኔታ ቀጥ ብለው ቀሩ። ከዚያ ዞር ሲሉ እኔን አዩኝ። ያንን ፊት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ገበያ መሐል ልብሱ ከኋላው የተተረተረበት፣ ማን እንዳየው ለማወቅ የሚፈራ ሰው ፊት ነበር። አንድ ነገር ሊሉኝ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ።  አሥር ዓመት ያልሞላው ልጅ እንኳ፣ ሰባት ዓመት የቀዘፈበትን ታንኳ ሰው ነዶ ነው እንደማይል ያውቃል።  እጃቸውን ያዝኩና ወደ ጀልባው ሄድን። ከእጃቸው ላብ የተነሣ መዳፌ ረጥቦ ነበር።

ጀልባዋ ፈረንጆችን በየደሴቱ እያዞረች የምታሳይ ትንሽ የእንጨት ጀልባ ናት፤ ሦስት አግዳሚ መቀመጫ አላት፣ ከኋላዋ ሞተር ተገጥሞላታል። የሚነዳት ሰይድ የሚባል ሠላሳ ዓመት ግድም የሚሆነው ቀጭን ሰው ነው። አባቱም አያቱም ሐይቁ ላይ የኖሩ ሰዎች ነበሩ። ብዙ አይናገርም። ስንሳፈር ማን የት እንደሚቀመጥ በጣቱ ያሳያል፤ ሲነዳ ደግሞ ዓይኑ ከውኃው ላይ አይነሳም።

ጠዋቱ ዘጌ ላይ አለፈ። ውኃው እንደ መስታወት ነበር፤ የጀልባዋ ሞተር ድምፅ ብቻ ነበር የሚሰማው። በቡናው ጫካ ውስጥ ወጥተን ቤተ ክርስቲያኑን ተሳለምን፤ የኔታ የግድግዳውን ሥዕል አንድ በአንድ ተረኩልን፤ ጽሑፉን በግዕዝ አንብበው በአማርኛ ፈቱልን። ይኼን ያውቁ ነበር። እዚያ የነበረ አንድ ቄስ እንኳ ሥራውን ትቶ ይሰማቸው ጀመር። አባቴ በኩራት ያያቸው ነበር፤ እኔ ግን ጠዋት የሰማሁትን ልረሳው አልቻልኩም።

ወደ ጀልባዋ ስንመለስ ሰባት ሰዓት አልፏል። የያዝነውን ስንቅ በላን። አቶ ገበየሁ እጃቸውን አራግፈው ተነሱ።

«አሁን ደግሞ ወደ መሪጌታ ደሴት!»

ሰይድ የጀልባዋን ገመድ እንደያዘ ቆመ። «ደሴቱ ነገ ጠዋት ይሻላል ጌታው። አሁን ነፋሱ ሊነሳ ነው።»

«የምን ነፋስ? ቅጠል አይንቀሳቀስም።»

ሰይድ ወደ ሐይቁ መሐል በጣቱ አመለከተ። «ያንን ጥቁር መስመር ያዩታል? ውኃው ላይ የሚሄደውን? እሱ ነው። ከቀትር በኋላ መሐሉን አናቋርጥም። በዳር በዳር ወደ ከተማ ልመልሳችሁ።»

«ነገ ንጋት ላይ መኪናችን ይሄዳል» አሉ አቶ ገበየሁ። «ፕሮግራማችን የዛሬ ብቻ ነው። መሪጌታ፣ እርስዎ ምን ይላሉ? ከቀትር በኋላ ይተኛል አላሉንም?»

ሁላችንም ወደ የኔታ ዞርን። ሰይድም ዞረ። የኔታ ያዩት የነበረው ግን ደሴቱን ነው። ሩቅ፣ ጥቁር፣ እንደ ተቀመጠ ሰው ያለች ትንሽ ነገር ናት። ለረጅም ጊዜ ዓይናቸውን ከእሷ ላይ አልነቀሉም።

«በእኛ ጊዜ…» አሉና ጋቢያቸውን ደረታቸው ላይ ሰበሰቡ። «በእኛ ጊዜ ከቀትር በኋላ ነበር የምንሻገረው።»

«እንግዲህ!» አሉ አቶ ገበየሁ።

ሰይድ አባቴን አየው፤ እንደሚረዳው ተስፋ አድርጎ መሰለኝ። አባቴ ትንሽ አመነታ። «እሳቸው ሰባት ዓመት ኖረውበታል ወንድሜ» አለው በመጨረሻ። «እሳቸው ካሉ ምን ይሆናል?»

ያን ጊዜ መናገር እችል ነበር። የአባቴን እጅ ይዤ ነበር። ጎትቼ ዝቅ በል ብዬ፣ በጆሮው ብነግረው ይበቃ ነበር። ግን የኔታ እንደዚያ እንደ ጠዋቱ ፊታቸው ሲገረጣ በሰው ፊት ላያቸው አልፈለግሁም። ምናልባት ነፋሱ ላይመጣ ይችላል አልኩ ለራሴ። ወጥቼ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ሰይድ ገመዱን ፈታ።

ግማሽ መንገድ ሳንደርስ ጥቁሩ መስመር ደረሰብን። መጀመሪያ እንደ ቀዝቃዛ ትንፋሽ ነበር፤ የእትዬ አልማዝ ነጠላ ተነስቶ ፊቴ ላይ ተጠቀለለ። ነጠላውን ከዓይኔ ላይ ሳነሳው ሐይቁ ሌላ ሆኗል። ያ መስታወት የነበረ ውኃ ቡናማ ሆኖ፣ ጉብታ ጉብታ እየሠራ፣ ከጎን ይመጣብናል። ሰይድ የጀልባዋን አፍንጫ ወደ ማዕበሉ አዞረ። ከፍ ብለን ወጣንና በሆዳችን እንደ ወደቅን ያህል ተመልሰን ወረድን። ውኃ ከላይ ፈሰሰብን። እንደገና ከፍ አልን።

«ውኃውን ቅዱ!» ብሎ ጮኸ ሰይድ። ለአባቴ አንድ ጣሳ ወረወረለት። እትዬ አልማዝ ስንቅ የበላንበትን ሳህን አነሱ። ውኃው ቁርጭምጭሚቴ ላይ ደረሰ፤ በጣም ይቀዘቅዛል። የኔታ መሐለኛው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው እንጨቱን በሁለት እጃቸው ጨብጠዋል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ግን አይወጣም።

ሞተሩ ሁለት ጊዜ አስነጠሰና ጠፋ።

ድንገት ሁሉ ነገር ጸጥ ያለ መሰለኝ፤ ነፋሱ ብቻ ይጮኻል። ጀልባዋ ቀስ እያለች ጎኗን ለማዕበሉ መስጠት ጀመረች። ሰይድ የሞተሩን ገመድ ይጎትታል፣ ይጎትታል። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ገመዱ መዳፉን ሰነጠቀው፤ ደሙ በክርኑ ሲወርድ አየሁ። እንደገና ጎተተ። ሞተሩ ተነሳ። አፍንጫዋን መልሶ ወደ ማዕበሉ አቀና።

ይኼኔ አቶ ገበየሁ ብድግ አሉ።

«መልስ! ወደ መጣንበት መልስ!»

«ጌታው ይቀመጡ!»

«ወደ ማዕበሉ እየወሰድከን ነው እኮ! መልስ እልሃለሁ!»

«ከዞርን በጎን ይገለብጠናል! ይቀመጡ!»

አቶ ገበየሁ አልተቀመጡም። እየተንገዳገዱ ወደ ኋላ ሄዱና የሰይድን ክንድ ያዙ። ሰውየው ወፍራም ናቸው፣ ፈርተዋል፤ ሰይድ ደግሞ እጁ ቆስሏል። የሞተሩ መዘወሪያ ተጠማዘዘ፤ ጀልባዋ ዘመመች፤ አንድ ማዕበል ሙሉውን ገባብን። አባቴ በሆዱ ላይ አጣብቆ ያዘኝ። የልቡን ምት በጀርባዬ ሰማሁት።

«መሪጌታ!» ብለው ጮኹ አቶ ገበየሁ። «ጀርባ መስጠት ነው ብለዋል፤ ይንገሩት! እርስዎን ይሰማል!»

የኔታ ቀና አሉ። ዓይናቸው ከእኔ ዓይን ጋር ተጋጠመ። ድምፄ ከየት እንደወጣ አላውቅም።

«የኔታ፣ ይንገሯቸው!» አልኩ።

ሌሎቹ ሁሉ ዳይሬክተሩን የደገፍኩ መስሏቸዋል። የኔታ ግን የምለው ገብቷቸዋል። አግዳሚውን ለቀው ውኃው ውስጥ ተንበረከኩ።

«ውሸቴን ነው!» አሉ። ያ እኛን በምድጃ ዳር ያፈዘዘን ድምፅ እንዲህ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። «ውሸቴን ነው ገበየሁ! ይኼን ሐይቅ ዛሬ ጠዋት ነው ያየሁት! ደሴቱንም አላውቀው፣ ታንኳውንም አላውቀው! እጁን ልቀቀው! የሚያውቀው እሱ ነው፤ እሱን ስሙት!»

ነፋሱ ያንን ቃል ይዞት ይሄዳል ብዬ ፈርቼ ነበር። አልሄደም። የአቶ ገበየሁ እጅ ከሰይድ ክንድ ላይ ተንሸራቶ ወረደ። የኔታን አዩአቸው፤ አፋቸውን ከፍተው ዘጉ፤ ከዚያ እንደ ጆንያ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ሰይድ መዘወሪያውን ጨብጦ ጀልባዋን አቀና። ማንንም አላየም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ረጅም ነበር፤ በማስታውሰው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መቅዳት፣ መቅዳት፣ መቅዳት። አቶ ገበየሁ በባርኔጣቸው፣ እትዬ አልማዝ በሳህኑ፣ እኔ በሁለት መዳፌ። አባቴ የሰይድን መዳፍ የሚያስርበት ነገር አጥቶ ዞር ዞር ሲል፣ የኔታ ጥምጥማቸውን ፈተው ሰጡት። አባቴ በጥርሱ ቀድዶ አሰረለት። የኔታ ከዚያ ወዲያ ራሳቸውን ሳይሸፍኑ ከእኛ ጋር ውኃ ቀዱ፤ ሽበታቸው ግንባራቸው ላይ ተጣብቆ ነበር። ሰይድ እያንዳንዱን ማዕበል በአፍንጫዋ እየተቀበለ፣ ቀስ እያለ፣ ወደ ደሴቱ ሳይሆን ደንገል ወደ በዛበት ወደ አንድ ጠረፍ አወጣን። ደንገሉ የጀልባዋን ጎን ሲያሻሽ የሰማሁትን ድምፅ ያህል ደስ ያሰኘኝ ድምፅ የለም። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር።

መሬት ላይ ወጥተን ቁጭ አልን።  ከዚያ አቶ ገበየሁ የኔታን አዩና «የግብረ ገብ መምህር!» አሉ። ድምፃቸው አላስተጋባም፤ ደክሟል።

«አዎን» አሉ የኔታ።

ተነስተው ወደ ሰይድ ሄዱ። ሰይድ ሞተሩን ይነካካል። ጎንበስ አሉለት። «ልጄ፣ ይቅር በለኝ። ሐይቁን ሳላውቅ አፍህን ዘጋሁት።»

ሰይድ ደነገጠ፤ ትልቅ ሰው ጎንበስ ሲልለት ደስ አላለውም። «ኧረ ይተዉ አባቴ» አለ። «መጨረሻ ላይ ባይናገሩ ኖሮ ጌታው እጄን አይለቁኝም ነበር።» ሌላ ነገር አልጨመረም። ማምሻውን ነፋሱ ሲበርድ በዳር በዳር ወደ ከተማ መለሰን።

ወደ ሞጣ ስንመለስ የኔታ ጋቢና ውስጥ አልገባም ብለው ከጭነቱ ላይ ተቀመጡ። ወሬው ከእኛ ጋር እኩል ገባ። አቶ ገበየሁ ለመምህራኑ ነገሯቸው፤ መምህራኑ ለሚስቶቻቸው፤ በሳምንቱ ውስጥ የትምህርት ቤቱ ልጆች የኔታ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ሲጽፉ ከኋላቸው ቀስ ብለው «ሽው…» እያሉ የማዕበል ድምፅ ያሰሙ ነበር። የኔታ አይዞሩም። ጽፈው ይጨርሱና መጽሐፋቸውን አቅፈው ይወጣሉ። ወደ እኛ ቤት ማምሻውን መምጣት ተዉ። እናቴ ምድጃውን ታስገባለች፤ ታደሰ በርጩማውን ይገፋል፤ አባቴ አንድ ጊዜ በሩን ያይና ጋዜጣውን ይዘረጋል። ከግቢው ጥግ ያለችው ቤት ፋኖስ አይበራባትም ነበር።

አንድ ቀን አልቻልኩም። «አባዬ፣ እኔ አውቅ ነበር» አልኩት። የታንኳዎቹን ነገር፣ የውኃ ቀጂዋን ልጅ፣ ሁሉንም ነገርኩት።

ይቆጣኛል ብዬ ነበር። ጋዜጣውን አጠፈ። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«የኔታ እንዳያፍሩ።»

 «እኔ ከአንቺ የባስኩ ነኝ» አለ። «ሐይቁን የሚያውቀው ሰው ፊቴ ቆሞ አትሂዱ እያለኝ ጥምጥም ያደረገውን ሰማሁ። አንቺን ይዤ።» ፊቱን በእጁ አሻሸ። «ሂጂና ጥሪያቸው። አባዬ ይፈልግዎታል በያቸው።»

በራቸው ገርበብ ብሎ ነበር። በጨለማ አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል። «የኔታ፣ ቤት ይምጡ» አልኳቸው።

«ምን አወራላችኋለሁ ልጄ? ያለኝ ሁሉ ውሸት ነው።»

«እውነት የሆነ ምንም የለም?»

 አንድ ነገር ከራስጌያቸው ሲያነሱ ሰማሁ። ተነስተው ተከተሉኝ።

ያን ምሽት የተናገሩትን «ደሴቱ ላይ ሳለን» ብለው አልጀመሩም። በርጩማው ላይ ተቀመጡ፤ እጃቸውን ፍሙ ላይ አልዘረጉም። ሃያ ዓመት ሳይሞላቸው፣ ብቸና አካባቢ ባለ አንድ ደብር ቅኔ ሲማሩ፣ አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ወባ ይዟቸው እዚያ ወደቁ አሉ። ከጣና የመጡ ነበሩ። ተማሪው ሁሉ ሲፈራቸው የኔታ በራሳቸው ጎጆ ውስጥ አስተኟቸው። ሁለት ወር አስታመሟቸው። ትኩሳቱ ሲበረታ ሽማግሌው ስለ ደሴቱ ያወራሉ፤ ጉማሬው፣ ታንኳው፣ ነፋሱ፣ ሁሉም ከዚያ የመጣ ነው፤ ግማሹን የኔታ በደንብ አልሰሙትም፣ ግማሹን ደግሞ ሽማግሌው ራሳቸው በትኩሳት አገላብጠውት ይሆናል። ሽማግሌው ሊሞቱ ሲሉ አንዲት ትንሽ የጸሎት መጽሐፍ ሰጧቸው። ለደሴቱ አድርስልኝ አሏቸው።

«ተነሳሁ» አሉ የኔታ። «እዚህ ሞጣ ስደርስ ክረምቱ ገባ፤ ወንዙ ሞላ። ወዴት ነህ ሲሉኝ ወደ ጣና ነኝ እላለሁ። እስኪጎድል ብዬ ልጆች ማስተማር ጀመርኩ። በዓመቱ የጣናው ተማሪ ይሉኝ ጀመር። አንድ ቀን አንድ ሰው፣ ደሴቱ እንዴት ነው አለኝ። ደርሼ የተመለስኩ መስሎታል። አልደረስኩም ማለት ነበረብኝ። የሽማግሌውን ወሬ ነገርኩት። አፉን ከፍቶ ሰማኝ።»

ከጋቢያቸው ሥር መጽሐፏን አወጡ። ቆዳዋ አብጦ፣ ብራናዋ ከሐይቁ ውኃ የተነሣ ተጨማዶ ነበር። ያን ቀን በደረታቸው ይዘዋት ነበር።

«ከቀትር በኋላ እንሻገር ያልኩት ለኩራቴ ብቻ አይደለም» አሉ አባቴን እያዩ። «ደሴቱ እዚያው ፊቴ ነበረ።»

ታደሰ ታሪኩ ያለቀ አልመሰለውም። «ከዚያስ የኔታ?»

«ከዚያ ወዲያ አላውቅም» አሉት። ይኼን ቃል ከአፋቸው ሰምተን አናውቅም ነበር።

በዓመቱ፣ በጥር፣ ለብቻቸው ሄዱ። ሰይድን ፈልገው አገኙት፤ ማለዳ አሻገራቸው። በተመለሱ ማታ ቤቱ ሞላ፤ ጎረቤቱም መጣ፤ እትዬ አልማዝ እንኳ ባላቸውን ትተው መጡ። ወሬው አጭር ነበር። «ሐይቁ ጠዋት አይቆጣም» አሉ የኔታ፤ «ጠዋት ነው የሚተኛው። ደሴቱ ላይ ዛፍ በዛ። ጉማሬ አላየሁም። በሩ ላይ አንድ ወጣት መነኩሴ ተቀበለኝ፤ መጽሐፏን ሰጠሁት፤ የሽማግሌውን ስም ስነግረው አያውቃቸውም፤ ሌሎቹን ጠየቀ፤ አንድም የሚያስታውሳቸው የለም። ‹እንዴት ያሉ ሰው ነበሩ?› አለኝ። ዛፍ ሥር ተቀመጥን። የማስታውሰውን ሁሉ ነገርኩት፤ ሌሎቹም መጥተው ከበቡን። እስኪመሽ ሰሙኝ፤ አደርኩ።»

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ዘመኑ ተለወጠ፤ አባቴ ወደ ሌላ አገር ተዛወረ፤ የኔታን ዳግም አላየኋቸውም። ያ የሰባት ዓመት ታሪክ በምሽቶቹ ብዛት ሳይሆን አይቀርም ተደባልቆብኛል፤ የትኛው ጉማሬ የትኛው ማዕበል እንደነበር ዛሬ አልለየውም። እኔ ያላየሁትን ያን የዛፍ ሥር ግን አሁንም አየዋለሁ። ደሴቲቱ የረሳቻቸውን ሰው ወሬ፣ ደሴቲቱን ረግጦ የማያውቅ ሰው ይዞላት መጥቶ፣ መነኮሳቱ እንደ እኔና እንደ ታደሰ መሬት ላይ ተቀምጠው ፊቱን ያያሉ።